ዳኛቸው ይሙት

ጋሼ ዳኛቸው ልጃቸውን ካኮረፉት ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ላስ ቬጋስ የሚኖረው ኢዮኤል ዘንድሮ የምመርጠው ከሁለቱ ትልልቆች ውጭ ያለውን ሦስተኛውን ፓርቲ ነው ብሎ በስልክ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ዜግነት ካገኙ ጀምሮ ከአንዱ ትልቅ ፓርቲ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ የምሠራበት ምግብ ቤት በየቀኑ ምሳ ይበላሉ፤ ሽሮው ሳይቀርብ ልጃቸውን ማማት ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሰለቸኝ። ፖለቲካ የተማርኩት ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን አውቶቡስ ላይ ስልኬን እየጎረጎርኩ ነው፤ ቢሆንም ከሳቸው የተሻለ ይገባኛል። ድምፅ የሚቆጠረው በየግዛቱ ስለሆነ እዚህ ካሊፎርኒያ ፓርቲያቸው ተኝቶም እንደሚያሸንፍ፣ ልጃቸው ያለባት ኔቫዳ ግን በጥቂት ድምፅ ወዲህ ወይ ወዲያ እንደምትል አስረዳኋቸው። ስለዚህ ተለዋወጡ አልኳቸው፤ እርስዎ እዚህ የሱን ሰው ይምረጡለት፣ እሱ እዚያ የእርስዎን።

ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አሰቡ። በራሳቸው ስልክ መደወል መሸነፍ መስሏቸው በኔ ደወሉ። ኢዮኤል ስቆ ስቆ ተስማማ። እሳቸው ግን አልበቃቸውም።

«ዳኛቸው ይሙት በል» አሉት።

«አባቢ፣ ምርጫ እኮ ነው።»

«ምርጫ ስለሆነ ነው የማስምልህ።»

ማለ። ከዋሸ እንግዲህ የሚሞቱት እሳቸው ናቸው።

ጋሼም ቃላቸውን ጠበቁ። በፖስታ የመጣላቸውን የምርጫ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሦስተኛውን ፓርቲ ሰው ስም ሦስቴ አነበቡ፤ ሦስቴም አጠራሩን አበላሹት። እሬት እንደቀመሰ ሰው ፊታቸውን አጨማድደው ከስሙ ጎን ያለችውን ክብ አጠቆሩ። ወረቀቱን የሰፈሩ ላይብረሪ በር ላይ ካለው የድምፅ መስጫ ሣጥን ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣት የለም።

የምርጫው ቀን፣ የኔቫዳ ምርጫ ጣቢያዎች ሊዘጉ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ እያሳላቸው ገቡ። ዝንጅብል ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ወደ ጎን ገፉት።

«ይሄ ጉንፋን አይደለም፣ ፍናን። ያ ልጅ አልመረጠም።»

ሆሊውድ ሥራቸው ላይ የሰው መኪና ሲያቆሙ የዋሉበት ጭስ ነው ብላቸው አልሰሙኝም። በገዛ ስልካቸው ደወሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው።

«መረጥክ?»

«ሶ... ልሄድ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው ሲሉኝ ጊዜ...»

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳሉበት። የመጀመሪያው ሳል የእውነት ነበር፤ በዚህኛው ግን ትያትር ጨምረውበታል።

«እየሞትኩ ነው» አሉት ረጋ ብለው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

የመኪና ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማን።

ምርጫው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፎቶ ላከ፤ ደረቱ ላይ የመራጮችን ስቲከር ለጥፏል። ጋሼ ፎቶውን በጣታቸው ያሰፉት ስቲከሩን ለማየት አልነበረም። «ከስቷል» አሉ። ለገና ና ልበለው ይሆን ብለውም ጠየቁኝ፤ ይበሉት አልኳቸው።

ግን ምላሴ አያርፍም። ስቲከሩን ለሁሉም ነው የሚሰጡት፤ ለማን እንደመረጠ በምን ያውቃሉ አልኳቸው።

አየር በረጅሙ ስበው ቀስ ብለው አወጡት።

«ይኸው» አሉኝ። «አላሳለኝም።»