በፊውዙ ላይ የተጠመጠመችው ሽቦ

ዢቮይን የመራመጃ ማሽኑን ሦስተኛ ፎቅ ካወጣ ጀምሮ ደረጃው እስከ ዛሬ ያቃስታል። ክብደቱ የሁለት ኮርማ ነው፤ ዢቮይን ሲያወራው ደግሞ የአራት። "ብቻዬን ነው የተሸከምኩት!" ይላል። ሦስቱ ጎረቤቶቹ ግን አሁንም ወገባቸውን እያሹ ነው።

ማሽኑ ለሚስቱ ለደሳንካ ነው። በመከር ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጋ፣ ሐኪሙ "በየቀኑ ካልተራመድሽ እንደደረቀ ይቀራል" ብሏታል። የኒሽ ከተማ መንገድ ደግሞ ድመት እንኳ የሚያንሸራትት በረዶ ለብሷል። በፀደይ ልጃቸው ትዳራለች፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ በሚዞረው ጭፈራ የሙሽራዋ እናት ወንበር ላይ ተቀምጣ ልታይ ነው? ሞት ይሻላታል።

ዢቮይን የኤክስቴንሽኑን ጥቅልል ሳይፈታ ምንጣፍ ሥር ወሸቀው። ማሽኑንም የክፍሉን ማሞቂያም እዚያው ላይ ሰካ። ደሳንካ ሦስት እርምጃ እንደሄደች ጧ! ሬዲዮውም ማቀዝቀዣውም ጸጥ አሉ።

"ፊውዝ ነው፤ ምን አላት!" አለ። በእነሱ ሰፈር የተቃጠለ የሸክላ ፊውዝ አይጣልም፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት ይመለሳል። አባቱም አያቱም እንዲያ ነበሩ።

"ተው አንተ ሰውዬ! የኪራይ ውሉ ላይ የቆጣሪ ሣጥን አትንኩ ይላል።"

"እኔኮ የኒሽን ግማሽ ያበራሁ ሰው ነኝ!"

"አንተ? አምፖል ስትቀይር ከወንበር የወደቅኸው?"

ጠመጠመው፤ መብራቱም መጣ። በማግስቱ ግን ምንጣፉ መጨስ ጀመረ። ደሳንካ ከማሽኑ ወረደች፤ ዢቮይን ስፒናውን ነቅሎ ምንጣፉን ሲገልጥ ጥቅልሉ እንደ ሰም ቀልጧል።

"ከመቃጠል ማንከስ ይሻለኛል" አለች። አራት ቀን ማሽኑን ዞር ብላ አላየችውም። በአምስተኛው ጧት ያለ ባሏ ድጋፍ ከአልጋ መነሣት አቃታት።

ያኔ ዢቮይን ምድር ቤት ወደሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ወደ እትዬ ኮሳራ ወረደ። እትዬ ኮሳራ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠመጥሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡ ወንዙ ወደ ኋላ ይፈሳል።

ወጥተው ሣጥኑን ከፈቱና ፊውዙን አወጡ።

"ይህን ማን ጠመጠመው?"

"ስንገባም እንዲሁ ነበር፣ እትዬ።"

"በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት፣ ቤቴ እንግዳ ሞልቶት ሳለ፣ በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት። ሻማ የያዝክልኝም አንተ ነበርክ።"

ዢቮይን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉራውን ተወ። "እኔ ነኝ" አለ። "ቤትዎን ላቃጥልብዎት ነበር። ውጡ ካሉን እንወጣለን፤ ብቻ... ጉልበቷ እየደረቀ ነው።"

እትዬ ኮሳራ ደሳንካን አዩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ማሽኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበቡ።

"ስማ፣ ጉረኛው። ፊውዝ የተሠራው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። እሱን ከከለከልከው ቤቱ ይቃጠላል። ይህ ጉድ ደግሞ ሆዳም ነው፤ ከማሞቂያ ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም። የራሱ መስመር ይዘረጋለት።"

የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ያለው የድሮ የሥራ ባልደረባቸው መጣ። ከሣጥኑ ወፍራም ገመድ ስቦ፣ ለብቻው ብሬከር አስሮ፣ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ተከለ። ግድግዳውን የቦረቦረው ዢቮይን ነው፤ "ተራራ በሳሁ" ይላል።

"ሁለት ነገር" አሉ እትዬ ኮሳራ። "እጅህ ከዚህ ሣጥን ይራቅ። ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ እኔም እራመድበታለሁ። ጉልበት ያላት ሚስትህ ብቻ መሰለችህ?"

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ደሳንካ ተራዋ ደርሶ ማሽኑ ላይ ሳለች መያዣውን ለቀቀች። እትዬ ኮሳራ በጭብጨባ የጭፈራውን ምት ያዙላት። ዢቮይን ሰዓቱን አየ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

መጠጥ ቤት ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ "አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ምንም ሳትደገፍ!"

እነሱ የዢቮይንን ወሬ ሁሌ በግማሽ ነው የሚቀበሉት። "እንግዲህ አምስት ተኩል ናት" አሉና ለአምስት ተኩሏ ራኪያ የሚሉትን አረቄ አዘዙ።

ዢቮይን በቅዱሳን ሁሉ ማለ። ማንም አላመነውም፤ እሱ ግን እየሣቀ ጠጣላት።