የላይኛው መስመር

በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከእሷ ዓይን ያመለጠ ሚሊ ሜትር የለም። ይህን የምትለው ራሷ ናት እንጂ ሌላ ሰው ሲል ተሰምቶ አያውቅም። "ሜትር ለምኔ? ዓይኔ ሜትር ነው፤ ያውም የማይታጠፍ!" ትላለች ደረቷን ነፍታ፣ በአንድ እጇ መጥረጊያ በሌላው የዘይት ጨርቅ እንደያዘች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርትን ሰባተኛ ክፍል ላይ "ይብቃን፣ ተዋውቀናል" ብላ ተሰናብታው አጎቷ ጋራዥ ገብታለች። አፏ ስለማያርፍ ጋራዡ "ቆርቆሮ" ብሎ ስም አወጣላት። ነካ ካደረጓት እስከ መንገዱ ማዶ ትሰማለቻ።

ሌላው ባለቅጽል ስም ጋሽ ውሃልክ ናቸው፤ የጋራዡ አንጋፋ ላሜራ ሠራተኛ። የተጋጨ በር በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው "እዚህ ጋ ግማሽ ሚሊ ገብቷል" ካሉ ገብቷል ነው። መሣሪያው ሌላ ነገር ካሳየ መሣሪያው ይመርመር! አጎቷንም ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ግን መነጽራቸው ወፍሯል። የብሎን ቁጥር ለማንበብ ብሎኑን ክንድ ሙሉ አርቀው ነው የሚይዙት። ቆርቆሮ ደግሞ ይህን አይታ የምታልፍ ልጅ አይደለችም።

"ጋሼ፣ እጅዎ አጠረ እንዴ? እኔ ራቅ አድርጌ ልያዝልዎት?"

"ምላስሽን ካዋስሽኝ ይበቃኛል፤ እሱ እንኳን ለብሎን ለጣሪያም ይደርሳል" ይሏታል።

ሰኞ ዕለት የጥርስ ሐኪሙ መኪናውን አመጣ። በዕድሜ ቆርቆሮን የምትበልጥ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም ያልቀረው ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ሐኪሙ ፀጉሩ ሲሸሽበት ወጣትነቱን በመኪና በኩል ሊያስመልስ የተነሳ ሰውዬ ነው። ትልልቅ ካርቶኖች አብረው ተራገፉ። ከውስጣቸው ከፋይበር የተሠራ፣ ግጭት የሚከላከል አዲስ የፊት ፓራውልት፣ የኋላ ክንፍ፣ ደግሞም ከጎማዎቹ በላይ የሚታሰሩ አራት ሰፋፊ ቅስቶች ወጡ። መኪናዋ ሰፊ ጎማ ተጫምታ ትከሻዋን እንድታሳይ ነው ነገሩ።

"ሰፊ ጎማ እንዲገባ ፓራፋንጎው መቆረጥ አለበት" አሉ ጋሽ ውሃልክ ጎማውን ከላይ የሚከልለውን ላሜራ እየነኩ። "ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የዚህች መኪና ፓራፋንጎ መመረት ካቆመ ቆይቷል፣ ሌላ አላገኝልህም።"

"እኔ የምፈልገው ክፍተት እንዳይኖር ብቻ ነው" አለ ሐኪሙ። "ቀኑን ሙሉ የማየው ክፍተት ነው፤ መኪናዬ ላይም እንዳላይ።"

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቆርቆሮ ጓሮ ጨርቅ ስታጥብ፣ ጋሽ ውሃልክ የፊት ግራውን ቅስት ለክተው በነጭ እርሳስ አሰመሩ። ወደ ውስጥ ስትመለስ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ለምሳ ሊወጡ ነው። "ስመለስ እቆርጠዋለሁ። እስከዚያ ጫፏን እንዳትነኪ" አሏት። አጎቷ ቀለም ሊገዛ ሄዷል። ቆርቆሮ ከቀይዋ መኪና ጋር ብቻዋን ተፋጠጠች።

ፓራፋንጎው ላይ ሁለት መስመር አለ። የላይኛው ጥርት ያለ፣ እንደ ተሳለ ቅንድብ የተቀሰተ። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የታችኛው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። "ውይ ጋሼዬ" አለች በሆዷ፣ "መጀመሪያ ተሳሳቱ፣ ከዚያ አስተካክለው የላይኛውን አሰመሩ። እርጅና እኮ!"

ብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሳችው። ለእሷ መንካቱ ክልክል ነው፤ ያነሳችውም ክልክል ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል። ከምሳ ሲመለሱ ሥራው አልቆ አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ ታያት። ብልጭታው በረረ፣ ላሜራው ጮኸ፣ የላይኛውን መስመር ተከትላ ዞረች ዞረችና ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቀይ ቁራጭ እግሯ ሥር ዱብ አለ። ቅስቱን አንስታ ቦታው ላይ ደገነችው።

የሚያርፍበት አጣ። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ አየር ሆኗል።

ያኔ ነው የገባት። የላይኛው መስመር የቅስቱ ዳር የሚደርስበት ምልክት ነው፤ ጥርት ያለውም ቅስቱን ራሱን ተደግፎ ስለተሰመረ ነው። የሚቆረጠው በታችኛው ነው። መካከል ያለው ሁለት ጣት ላሜራ ደግሞ ቅስቱ የሚታሰርበት ነበር። የታችኛው የተንቀጠቀጠው በነፃ እጅ ስለተሰመረ እንጂ ሰውዬው ስላረጁ አይደለም። ግራይንደሩን መስቀያው ላይ መለሰችው፣ ብናኙን ጠራረገች፣ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጓሮ ሮጣ የታጠበ ጨርቅ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አጎቷ ቀድሞ ገባ። ጋሽ ውሃልክ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ከኋላው ደረሱ።

"ጋሼ! ሳይበሉ ነው እንዴ የቆረጡት?" አለ አጎቷ ከሩቅ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ድምፁ ወረደ። "ጋሼ… ይሄ… በየትኛው መስመር ነው የሄዱት?"

ሽማግሌው ቀረብ አሉና አውራ ጣታቸውን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት።

"ዓይንዎ ነው?" አለ አጎቷ ቀስ ብሎ። ዞሮ ደግሞ ወደ ጓሮው በር፦ "አንቺ! ሲቆርጡ ነበርሽ?"

ቆርቆሮ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ በአንድ ኩርኩም ያልቅ ነበር። አፏ ግን፣ ያ ሳይጠየቅ የሚከፈት አፏ፣ የማይሆን ነገር ይዞ ተከፈተ። "ድምፁን ሰምቻለሁ" አለች።

ውሸት አልነበረም። ክፋቱም እሱ ነው። ጋሽ ውሃልክ ቀና ብለው አዩዋት፤ ረዘም አድርገው። ከዚያ ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና "ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው" ብለው ዝም አሉ።

አጎቷ ግራይንደሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ጋሽ ውሃልክ ከዚያን ቀን ጀምሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዲሱን ፓራውልት በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ ጀመር። ይህ ጀማሪ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህ የእሷ ሥራ ነው።

ረቡዕ ቆርቆሮ አልጮኸችም። መነጽራቸውን ወለወለችላቸው፣ ሳይጠይቁ ውሃ አመጣችላቸው፣ በርጩማቸው ላይ ትራስ አነጠፈች። "ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል?" አለ አጎቷ። "ጋራዡ ጸጥ ሲልብኝ የተዘጋ መሰለኝ።" ጋሽ ውሃልክ ግን ውሃውን ጠጡ፣ ትራሱን አነሱና መልሰው ሰጧት። ያቺ ትራስ ከጥፊ በላይ አመመቻት።

ከሰዓት የጥርስ ሐኪሙ ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ የተገመጠውን ፓራፋንጎ እንደ በሽተኛ አፍ መረመረው። "ይሄን ማነው የነቀለው?" አለ። አጎቷ አንገቱን እየሰበረ ወደ በርጩማው በዓይኑ ጠቆም አደረገ። ሐኪሙ የሽማግሌውን ወፍራም መነጽር አየ። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ፣ "እኛ ጋ ዓይኑ የደከመ ሰው መንቀያ አይዝም።" የብርጭቆ ወረቀቱ ኪሽ ኪሽ የሚለው ድምፅ ቆም አለ። ከዚያ ቀጠለ። ቆርቆሮ መጥረጊያዋን ይዛ በቆመችበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። መሬት ግን እንዲህ ያለ ውለታ አትውልም፤ ያውም ሲሚንቶ ለብሳ።

ሐሙስ ማታ አጎቷ እህቱ ቤት፣ ማለትም ቆርቆሮ ቤት፣ እራት መጣ። ገና መብራት ሳይበራ ነው ጨዋታው የተጀመረው።

"ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ እንዲህ ማለት ከብዶኛል" አለ ለእናቷ። "ግን ነገ ጠዋት ልነግራቸው ነው። ቤታቸው ይረፉ። ዛሬ ፓራፋንጎ ነው፣ ነገ ጣታቸውን ቢቆርጡስ?"

"ምን ሊሉ ይሆን?" አለች እናቷ።

"ምንም አይሉም። እኔን የፈራኝ እሱ ነው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።" ዞር ብሎ የቆርቆሮን ሳህን አየ። "አንቺስ ለምን አትበዪም?"

"ጠግቤ ነው።"

"አንቺ? ጠግበሽ?" እናቷ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ዳበሰቻት። "ትኩሳት የላትም እኮ! ወይ ጉድ።"

ቆርቆሮ ከገበታው ተነሳች። መኝታ ቤት ገብታ ማክሰኞ ማታ ከፍራሹ ሥር የደበቀችውን ቁራጭ አወጣች። አራት ቀን ያልሞላው ጨረቃ ጎኗን ሲወጋት ነው የሰነበተው። ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። የታችኛው መስመር አሁንም እላዩ ላይ አለ፤ ነጭ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን አንድም ቦታ ያልሳተ። በዚያች በምትመካባት ዓይኗ ለካችው። ትክክል ነው። የጋሼ ዓይን ምንም አልሆነም። የጠፋው ዓይን የሌላ ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት አጎቷ ጋሽ ውሃልክን "ጋሼ፣ አንዴ ቁጭ ይበሉልኝ" ብሎ ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ ቆርቆሮ መካከላቸው ገብታ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ጋራዡ በሙሉ አስተጋባ።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አለች። "ማክሰኞ፣ እናንተ በሌላችሁበት። የታችኛው የስህተት መሰለኝ። ይኸው መስመራቸው፣ እየው፣ ምንም አልተሳሳቱም። ድምፁን ሰማሁ ያልኩትም የራሴን ነው የሰማሁት።"

አጎቷ ቁራጩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ቁራጩን አየ። ፊቱ የመኪናዋን ቀለም ያዘ።

"አራት ቀን?" አለ። "አራት ቀን ሙሉ እኚህን ሰው በርጩማ ላይ አስቀምጠሽ ውሃ ታመላልሺ ነበር?"

"ፈራሁ፣ አለቃ።"

"ግራይንደር ስታነሺ ያልፈራሽ!" እጁን አነሳ፤ ግን መልሶ ራሱን ያዘበት። ከኪሱ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አውጥቶ በሁለት እጁ ወደ ሽማግሌው ዘረጋ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ ውሃልክ ቁልፉን አልተቀበሉም። ቁራጩን አነሱት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ዙሪያውን በጣታቸው ዳበሱት። "ቁጭ በሉ ብለህ ልትነግረኝ የነበረው ነገር ምን ነበር?" አሉ።

አጎቷ አንገቱን ደፋ። "ምንም፣ ጋሼ።"

"ዓይኔ ነበር?"

"…ዓይንዎ ነበር።"

"እህ።" ያኔ ቁልፉን ወሰዱ። ቁራጩን ይዘው መኪናዋ ጋ ሄዱና ወደተገመጠበት ቦታ መልሰው ገጠሙት። የግራይንደሩ ዲስክ ከበላው ቀጭን መንገድ በቀር ልክክ አለ። "ይሄ ባይጣል ደህና ነው። በብየዳ ነጠብ ነጠብ እያደረግን እንመልሰዋለን፤ ቶሎ ቶሎ ካልነካነው አይጣመምም። ከዚያ በመስመሬ እቆርጠዋለሁ።"

ለአጎቷ "ለሐኪሙ ደውልለት፣ ማን እንደነቀለውም ንገረው" አሉት። አጎቷ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆርቆሮን በጣቱ ወደ በርጩማውና ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ አመላከታት። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገራትም።

ተቀመጠች። ኪሽ ኪሽ አደረገች። ብየዳው ጨስ እያለ ነጥብ በነጥብ ሲሄድ፣ ጋሽ ውሃልክ በየመካከሉ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ ዝም ብለው ሲጠብቁ፣ ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሳንባዋ ድረስ ገባላት። አየሩ ሲገባ ደግሞ ምላሷም አብሮ ነቃ። ቁራጩን ያልጣለችው እሷ አይደለችም? እሷ ናት! ተነስታ ብርሃኑ ላይ ተደቅና ጎንበስ አለች።

"ጋሼ" አለች ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ያን ቀን እያወቁ ዝም ያሉት… እኔን ሊሸፍኑኝ ብለው ነው አይደል? አባት ነዎት እኮ።"

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን እንደ ማክሰኞው በጠርዙ ላይ አስኬዱ፤ አንድ ቦታ ላይ እሾህ እንደወጋው ሰው ቆም አሉ።

"አንቺን?" አሉ ቀና ሳይሉ። "አንቺን አላሰብኩሽም። ሠላሳ ዓመት እጄን የሚያውቅ ሰው ይሄን አይጥ የበላው የመሰለ ነገር አይቶ የእኔ ነው ብሎ ሲያምን፣ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ዓይንሽ ሜትር ከሆነ ለኪና ከብርሃኔ ላይ ሁለት ሜትር ራቂልኝ።"