የዘኪያ ሁለት ፊርማ

ዘኪያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሱቋን ትለካለች። በአንድ እጇ ከአንገቷ የማይለየውን መለኪያ፣ በሌላው ሰማያዊ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ይዛ ከበሩ ጀምራ ወደ ኋላ ትሄዳለች። መለኪያዋ ባለቀበት ታሰምራለች፤ ከመስመሩ ተነሥታ ደግሞ ትቀጥላለች። አምስት ጫማ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማታል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሲያትሉን የማውንት ቤከር ሰፈር ሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ ኖራ፣ የቆመችበትን ወለል ስፋት አለማወቋ ዛሬ ገና አሳፈራት።

ርዝመቱ ሠላሳ አምስት ጫማ፣ ወርዱ አሥራ አምስት ሆነ። ሁለቱን ቁጥሮች የደንበኞቿን ልክ በምትመዘግብበት ደብተር ላይ፣ የአንዲት ሙሽራ ደረትና ወገብ ከተጻፈበት ገጽ ግርጌ አሰፈረቻቸው። የማን ልክ እንደሆነ ካልጻፈች ነገ ሊምታታባት ስለሚችል ከጎኑ «የእኔ» ብላ ጨመረችበት።

ሱቋ ያለው ከመቶ ዓመት በፊት በቀይ ጡብ በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሥር ነው። አንድ ኩባንያ ሕንፃውን ገዝቶ ሊያፈርሰውና በቦታው ባለ ሰባት ፎቅ መኖሪያ ሊያቆም አስቧል። የሰፈሩ የቆዩ ነዋሪዎች ደግሞ «ታሪካዊ ሰፈራችን አይነካም» ብለው ተነሥተዋል። ጉዳዩ የቀረበለት የከተማው ቦርድ የነዋሪውን ቃል የሚሰማው ዛሬ አመሻሽ ላይ ነው። ዘኪያም ለመናገር ተመዝግባለች። ችግሩ ሁለት ወረቀት ፈርማ ሁለት ጊዜ መመዝገቧ ነው፤ አንዴ በተቃዋሚዎቹ በኩል፣ አንዴ በደጋፊዎቹ።

ጥፋቱ የይሉኝታ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ዶረቲ መጣች። ዶረቲ ከሱቁ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ባሏ በሞተበት የእንጨት ቤት ብቻዋን የምትኖር የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት። ዘኪያ ሱቁን በከፈተች ሳምንት ገበሩ የተቀደደ ካፖርት ይዛ የመጣች የመጀመሪያ ደንበኛዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ብርድ ሊገባ ሲል ያንኑ ካፖርት ይዛ ብቅ ትላለች፤ ካፖርቱ ከገበሩ በቀር የቀረ ነገር የለውም፣ ገበሩንም በየዓመቱ የምትቀይረው ዘኪያ ናት። የዚያን ቀን ግን የያዘችው ወረቀት ነበር። «ሕንፃችን እንዳይፈርስ ነው» አለች። ዘኪያ ፈረመች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕዝቅኤል መጣ። ሕዝቅኤል በዚያው ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ የሆሳዕና ልጅ ሲሆን የሰርጉን ሱሪ ያሳጠረችለት እሷ ናት። «እትዬ ዘኪያ፣ ለሰው መኖሪያ ቤት እንዲሠራ ነው» ብሎ ጎንበስ እንዳለ ሌላ ወረቀት ዘረጋላት። እሱንም ፈረመችለት። ያደገችበት ቡታጅራ ደጅ ድረስ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው፤ ለወግ ያህል እንኳ «ላስብበት» አይባልም። ደግሞስ ወረቀት ካመጣው ሰው ተለይቶ ታይቷት አያውቅም። የፈረመችው ለዶረቲ ነው፤ የፈረመችው ለሕዝቅኤል ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ ብላ ማን ያስባል?

ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ደወሉ። «ወንበር እይዝልሻለሁ» አለች ዶረቲ። «ወንበር እይዝልዎታለሁ» አለ ሕዝቅኤል። ዘኪያ ለሁለቱም «እሺ» አለቻቸው። ስልኩን ስታስቀምጥ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ማለት እሷ ራሷ መሆኗን አወቀች።

ልጇ ሪሃና የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። የቤት ኪራይ አስመርሯት ከከተማው ውጭ ኬንት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ሥራዋ እዚህ ሲያትል፣ ልጆቿ እዚያ፤ ጠዋት ባቡር ማታ ባቡር፣ ልጆቿን የምታገኛቸው ወይ ሊተኙ ሲሉ ወይ ሳይነሡ ነው። ዘኪያም የልጅ ልጆቿን ከቅዳሜ በቀር አታያቸውም፤ ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቀን ስለሆነ የምታያቸው በመርፌ ቀዳዳ በኩል ነው ማለት ይቻላል። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚመደብ አርባ ቤት እንዳለ ከሰማች ጀምሮ ሪሃና እንቅልፍ የላትም።

ወለሉ ላይ ያሉትን ሰማያዊ መስመሮች አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የተፈረሙ ሁለት ወረቀቶች ቅጂ አየች።

«ማም፣ ሁለቱንም ሳይን አደረግሽ?»

«ደጄ መጡብኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ።» ሪሃና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሶ፣ ዛሬ ሂሪንጉ ላይ ምንድን ነው የምትዪው? ስምሽን ሁለት ጊዜ ነው የሚጠሩት እኮ!»

«አንብቢልኝ እስቲ። መጀመሪያ የዶረቲን።»

ሪሃና አነበበች፤ ገጹን ገልብጣ ጀርባውንም አየች። «ስለ ጡቡ አለ። ስለ መስኮቱ አለ። ጥግ ላይ ስላለው ዛፍም አለ። ስለ አንቺ የለም።»

«ያኛውስ?»

ያኛው መነበብ አያስፈልገውም ነበር። ዘኪያ ራሷ ትናንት ስታገላብጠው ውላለች። ሕዝቅኤል አብሮ የተወላት ፕላን ላይ፣ አሁን የስፌት መኪናዋ ባለበት ቦታ ሰፊ ካፌ ተስሏል፤ ጃንጥላ፣ ክብ ጠረጴዛ፣ ውሻ በገመድ የያዘ ሰው። ለውሻው ጥላ ሳይቀር ተሠርቶለታል። የራሷን ሱቅ ግን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። ለዚህ ነው ጠዋት መለኪያዋን ይዛ የተንበረከከችው።

«ኦኬ» አለች ሪሃና። «አንዱን ምረጪና ሌላውን ይቅርታ በያቸው። ጀስት ፒክ ዋን።»

«አንቺስ? አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ሪሃና ወደ መስኮቱ ዞረች። ልቧ ሲነካ እንግሊዝኛው ነው የሚቀድማት። «አይ ዋንት ቱ ካም ሆም» አለች ቀስ ብላ።

ዘኪያ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ታውቃለች። ልጇ ወደ ቤት መምጣት ነው የፈለገችው። ሕንፃው ከቆመ ልጇ ትመጣለች፣ እሷ ትነቀላለች፤ ካልቆመ እሷ ትቀራለች፣ ልጇ ባቡር ላይ ታረጃለች። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ማለት ይኸው ነው። እናትና ልጅን አንድ ቦታ ማኖር የሚከለክል ጡብ ምን ዓይነት ጡብ ነው? ሰባት ፎቅ ሙሉ አስፍቶ ለአንዲት የስፌት መኪና ቦታ የሚያጣውስ?

«አልመርጥም» አለች። ጠመኔውን ኪሷ ከተተች፣ መለኪያዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ የሱቁን ቁልፍ አነሣች። «ነይ። አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ።»

«እኔ? ማም፣ እኔ አማርኛዬ…»

«ይበቃል። ስትቆጪኝ መቼ ጎደለሽ?»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በግራ በኩል ፊት ለፊት ዶረቲ ያን ካፖርቷን አጠገቧ ያለ ወንበር ላይ አንጥፋ ትጠብቃለች። በቀኝ በኩል ሕዝቅኤል ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ወንበር ላይ አኑሮ እጁን ያወዛውዛል። ሁለቱም ፈገግ አሉላት። ዘኪያ ለሁለቱም እጅ ነሥታ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሰዎች በየተራ ተናገሩ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ለሚተረጎምለት አራት። ጠረጴዛው ላይ ያለች ትንሽ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች፣ ብጫ ትሆናለች፣ ቀይ ትሆናለች። አንዱ ስለ ጣሪያ ክዳን ተናገረ። አንዷ የአዲሱ ሕንፃ ጥላ የጓሮ አትክልቷን እንደሚያደርቅባት ተናገረች። አንድ ወጣት መኪናው ውስጥ እንደሚያድር ተናግሮ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ዘኪያ ለሁሉም አዘነችላቸው፤ ለጓሮ አትክልቷ ሴትዮ ሳይቀር።

የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ዘኪያ ኑሩ» አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ዝርዝር አየ። የመጀመሪያውን መልሶ አየ። «ተመሳሳይ ስም ያላችሁ ሁለት ሰዎች ናችሁ?»

ከወዲህም ከወዲያም ሳቅ ተሰማ። ዶረቲ ዞር ብላ ወደ ሕዝቅኤል አየች፣ ሕዝቅኤል ወደ ዶረቲ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ እሷ። ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። ዘኪያ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች፤ ግን ያፈረችው አፍራለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ መሐል መሐሉን ወደ ፊት ሄደች። ሪሃና ተከተለቻት።

«አንድ ሰው ነኝ» አለች በራሷ እንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ አማርኛዋ ተመለሰች፤ ሪሃና እየተከተለች ተረጎመች።

«ሁለቱም ፊርማ የእኔ ነው። ዶረቲን አልዋሸኋትም፤ ያ ግድግዳ እንዲፈርስ አልፈልግም። ሕዝቅኤልንም አልዋሸሁትም፤ ቤት እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ጥፋቴ ሁለቱም ሲመጡ አንድም ነገር አለመጠየቄ ነው። አሁን እጠይቃለሁ።»

መብራቷ አረንጓዴ ነበረች።

«ልብስ ሲጠብ አንጥለውም። ደግሞ ባለቤቱን ትተን ለሌላ ሰው አንሰፋውም። ስፌቱን ተርትረን ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ አውጥተን እናሰፋዋለን። ፊቱ ፊቱን ሆኖ ይቀራል። የጡቡን ፊት ተዉት፤ ከኋላና ከላይ ጨምሩ። አይሆንም የሚለኝ ካለ ለክቶ ያሳየኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ይህቺ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። እዚህ ሰፈር ነው ያደገችው። አሁን ኬንት ነው ያለችው። ናፍቃኛለች።»

ሪሃና የእናቷን እጅ ያዘች። አዳራሹ ጠበቃት። «ሺ… ሺ ሚስስ ሚ» አለች በመጨረሻ።

«እና ወደ እኔ ስትመለስ ሌላ ቦታ እንዳትፈልገኝ» አለች ዘኪያ። «እዚያ ሥዕል ላይ ውሻ አለ። እኔ የለሁም።»

የሕንፃው ፕላን በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተደርጎ ጥጉ ላይ ቆሟል። ሄደች። ግርጌው ላይ ያለውን ልኬት አነበበች፤ እሷ ጋ ካለው ወረቀት እጥፍ ነው፣ አንድ ኢንች ለአራት ጫማ። ለወርዱ አራት ሊሞላ ሩብ የቀረው፣ ለርዝመቱ ዘጠኝ ሊሞላ ሩብ የቀረው። ይህን የመሰለ ሒሳብ በየቀኑ የአዋቂ ልብስ ለልጅ ስታሳንስ ትሠራዋለች። መለኪያዋን ከአንገቷ አውልቃ ካፌው ላይ ዘረጋች፤ ጠመኔውን አወጣች።

የኩባንያው ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰሌዳው ጠመኔው ሲነካው ተወዛወዘ፤ ሊወድቅ ነበር። ሕዝቅኤል ተንደርድሮ መጣ፤ ሊያስቆማት መስሏት እጇን አጠበቀች። ሕዝቅኤል አለቃውን ሳያይ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ያዘላት።

«ያስምሩ እትዬ፣ ይዤዋለሁ» አለ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የመጀመሪያውን መስመር አሰመረች፤ የጃንጥላውን እግር ቆርጦ አለፈ። ሁለተኛውን አሰመረች። ከኋላዋ ዶረቲ ከወንበሯ ተነሥታ ዱላዋን እየተደገፈች ስትጠጋ ሰማቻት፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ሦስተኛውን አሰመረች፤ ውሻው ውጭ ቀረ። መብራቷ ብጫ ሆነች፣ ከዚያ ቀይ።

ሰብሳቢው አንድ ነገር ተናገረ፤ ደገመው። ዘኪያ ሳትዞር «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም አላለም» አለች ሪሃና። «ቀጥዪ።»

ዘኪያ በመንገዱ በኩል ያለውን አራተኛውን መስመር ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ጠመኔውን አነሣች፣ ለበሩ የሚሆን ቦታ ክፍት ተወች፣ ከዚያ ቀጠለች።