የሠላሳ ጫጩቶች ምስክር

4.

ጫጩቶቹ የሞቱበት ምክንያት (በቅርብ ጎረቤት የሚሞላ)፦

ሀ. የመብራት መቋረጥ
ለ. የቤተሰቡ ቸልተኝነት
ሐ. ሌላ (ይገለጽ)

4.1

ከአራት የጀመርኩት ሌሎቹን ስለሞላኋቸው ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር ናቸው፤ እነሱ የሚከብዱት ሰው የለም። አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ለመልስ የተተወልኝ ቦታ አንድ መስመር ነው፣ የእኔ ነገር ደግሞ በአንድ መስመር አያልቅም። ስለዚህ በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ቁጥር እየሰጠሁ እሞክረዋለሁ።

4.2

ስሜ ደብሪቱ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ለሁለት በተከፈለ የቀበሌ ቤት እኖራለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ስንዱ አለች። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ሆኜ "ይማርሽ" እላለሁ። ቆጣሪያችንም አንድ ነው፤ የተሰቀለው በእኔ በኩል ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

4.3

ስምንት ዓመት አብረን የሰው ልብስ አጥበናል። እዚህ ብርዱ አይቻልምና ሰው ሁሉ ወፍራም ብርድ ልብስ ይወዳል። ወፍራም ብርድ ልብስ ውሃ ከጠጣ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨምቀው አይችልም። አንዷ በዚህ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ይዘን እንጠመዝዛለን። ፊት ለፊት ስለምንቆም ስንዱ መተረብ ትጀምራለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ ስስቅ እጄ ይላላል፣ ውሃው ሁሉ እግሬ ላይ ይወርዳል።

ይህ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። አሁን ብርድ ልብሱን አጥር ላይ ሰቅዬ ብቻዬን በቡጢ እደበድበዋለሁ።

4.4

ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚያቋቁም ማህበር ሰፈራችን መጣ። አርባ ቤት ይመረጣል ተባለ። ለተመረጠ ቤት ሠላሳ የአንድ ቀን ጫጩት፣ መኖና ሥልጠና ይሰጣል። ጫጩቶቹ አድገው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ያ ቤት "ራሱን ቻለ" ተብሎ ይመዘገባል። መጀመሪያ ግን አጣሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ኑሮውን በዓይናቸው ያያሉ።

እንግዳ ሊመጣብኝ ነው ማለት ነው።

4.5

መመሪያ፦ ራስን ከችግረኞች ዝርዝር ማስወጫ።

ቤትሽን ጥረጊ።

ስንዱ ጋ ሄደሽ ያንን ቀይ የአልጋ ልብሷን በውሰት አምጪ። "ብርጭቆዎቹንም ውሰጂያቸው" ስትልሽ እምቢ አትበይ፣ ስድስት ናቸው፣ ሲደረደሩ ያምራሉ።

አጣሪዎቹ "ኑሮ እንዴት ነው?" ሲሉሽ "ተመስገን፣ ምንም አይል" በይ። ገመናሽን ለማታውቂው ሰው አትዘርዝሪ።

እስከ በር ሸኚያቸው።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ጆሮሽን ለጥፈሽ የአልጋ ልብስም ብርጭቆም የሌለበት ቤት ሲገቡ አዳምጪ።

4.6

ስንዱ አርባኛ ሆና ተመረጠች።

እኔ አርባ አንደኛ። ተጠባባቂ። አንድ ቤት ከተሰረዘ እኔ እገባለሁ።

4.7

ይህን ቁጥር ለጊዜው ባዶ ተውልኝ። እመለስበታለሁ።

4.8

ቀናሁ።

መጀመሪያ "ቅር አለኝ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። "ተከፋሁ" የሚለውንም ሰረዝኩት። ስንዱ የማህበሩን ቲሸርት ለብሳ ወደ ሥልጠና ስትሄድ ቀናሁ። ጫጩት ታቅፋ ፎቶ ስትነሳ ቀናሁ። በሣቋም ቀናሁ፤ ያንን ሣቅ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ስትስቀው ነበርና። ይባስ ብላ አንዷን ጫጩት በስሜ "ደብሪቱ" ብላ ጠራቻት። ልታስደስተኝ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

ጫጩቶቹ ካርቶን ውስጥ ነበሩ፣ ከላያቸው አምፖል ተንጠልጥሎላቸዋል። የኅዳርን ብርድ ያለዚያ አምፖል አይችሉትም። ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ፣ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ቁጭ ብዬም ቆሜም ይከተለኛል።

4.9

የማህበሩ ባለሙያ አቶ ኃይለልዑል እና እኔ፣ ትናንት፣ በቤቴ በር ላይ።

እሱ፦ ከሠላሳው ሃያ አራቱ ሞተዋል። ብርድ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነው ያገኘኋቸው።

እኔ፦ መብራት ሄዶ ይሆናላ።

እሱ፦ ሰፈሩን ጠይቄያለሁ፣ የማንም ቤት መብራት አልጠፋም። እርስዎ የዚያን ቀን ቤት ነበሩ?

እኔ፦ ነበርኩ።

እሱ፦ ቸልተኝነት ከሆነ ወይዘሮ ስንዱ ይሰረዛሉ። እርስዎ ተጠባባቂ መሆንዎን አውቃለሁ፣ ሌላ ምስክር ይጠሩ ብያቸውም ነበር። ወይዘሮ ስንዱ እምቢ አሉ።

እኔ፦ ምን ብላ?

እሱ፦ "ከደብሪቱ በላይ የሚያውቀኝ የለም" ብለው።

4.7

(ተመለስኩ።)

ስንዱ በጠዋት ሥልጠና ሄደች፣ ልጆቿም ትምህርት ቤት። እኔ የሰው ብርድ ልብስ ብቻዬን ስታገል የእጄ ቆዳ ተላጠ። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ለትንሽ ጊዜ ዝም ቢሉልኝ ብዬ ቆጣሪው ጋ ሄድኩና ብሬከሩን ወደ ታች ሳብኩት።

መጀመሪያ ጩኸቱ ጨመረ።

ከዚያ ቀነሰ።

ከዚያ



ዝም።

ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ብርድ ልብሱን ልስቀልና አበራዋለሁ አልኩ። ሰቀልኩት። ምሳ ልብላና አልኩ። በላሁ። መልሼ ያበራሁት ስንዱ የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ ነው።

4.10

ዛሬ ከሰዓት ስንዱ ቅጹን ይዛልኝ መጣች። ፊደል አልቆጠረችም። የአውራ ጣቷን አሻራ ግን ከታች አስቀድማ አድርጋበታለች፣ መልሱ ገና ሳይጻፍ። ከተረፉት ስድስቱ መካከል ደብሪቱ እንዳለች ነገረችኝ። ደህና መሆኗን ጨምራ ነገረችኝ። ከዚያ ዱካው ላይ ቁጭ አለች።

"ስመጣ አምፖሉ በርቶ ነበር" አለች። "በበራ አምፖል ሥር እንዴት በብርድ ያልቃሉ፣ ደብሬ?"

እኔ ቅጹን ሳገላብጥ ቆየሁ። ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም።

"እኔ ግን አውቄዋለሁ" አለች። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን የምታየው መሬት መሬቱን ነበር። "ያኔ አጣሪዎቹ ሳይመጡ፣ ባዶ ቤት ነው የሚመርጡት ብለው ሰዎች ነግረውኝ ነበር። አንቺ ለአልጋ ልብሱ ስትመጪ ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ብርጭቆዎቹን ደግሞ አልጠየቅሽኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩልሽ። ያንቺ ዕድል ነበር፣ ስለወሰድኩት ነው የሞቱብኝ።"

ይህን ብላ ተነሳች። ደጅ ወጥታ አጥሩ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ብርድ ልብስ አወረደችና አንዱን ጫፍ ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ጠመዘዝነው። አልተረበችም፣ እኔም አልሳቅሁም፣ ውሃው ሁሉ መሬት ላይ ወረደ።

ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች።

4.11

አንባቢዎች ሆይ፣ አሁን ንዴቴ ይበርዳል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አልበረደም። ብርጭቆዎቹን ሳስብ እንደገና ነደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በራሴ ሞኝነት ነው ብዬ ራሴን ስበላበት የኖርኩት ነገር የእሷ እጅ ነበረበት። በቅጹ ላይ "ለ"ን ባከብባት ማንም አይጠይቀኝም። ሠላሳ ጫጩት ከነመኖው ከግድግዳው ወዲህ ይዞራል።

ሌላም ነገር አለ። ስንዱ ተናግራ ቀለላት። ስትሄድ አረማመዷን አየሁት፣ የቀለለው ሰው አረማመድ ነው። እኔን ቀድማ ተናገረች።

በዚህም ቀናሁባት።

ቅጹ ነገ ጠዋት ይሰበሰባል። የስንዱ አሻራ ከታች ደርቋል፣ የእኔ ፊርማ ቦታ ከጎኑ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አሁን ስድስት ብቻ ይንጫጫሉ።

4.

ጫጩቶቹ የሞቱበት ምክንያት (በቅርብ ጎረቤት የሚሞላ)፦

ሀ. የመብራት መቋረጥ

ለ. የቤተሰቡ ቸልተኝነት

ሐ. ሌላ (ይገለጽ) ______________________