የባሕር ሳማ

ሐሙስ ስመኝ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አማቷ እማማ ሙሉነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቀና ሳይሉ ነገሯት።

«በፍቃዱን ሊያመጡት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ድንጋይ አሸክመው።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል እንዴ! ይምጣና ይቁም። ድንጋዩን አውርድ ማለቱ ግን የኔ ፈንታ ነው።»

ስመኝ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ጎመኑን ልታግዛቸው አንስታ መልሳ ሰፌዱ ላይ ጣለችው።

ባሏ ሽመክት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከዲላ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ሲቀናው ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ይዘልቃል። አምና ሰኔ ወደቡ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ሙቀቱ መድረሻ አሳጣውና ከባልደረባው ከበፍቃዱ ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ። ለገዳራ ወንዝ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያደገ ሰው ውሃ መቼ ይፈራል? ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ጄሊፊሽ እግሩና ደረቱ ላይ ተጠመጠመበት። እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ አጥንት የሌለው፣ በክሮቹ የሚናደፍ የባሕር ፍጥረት ነው። በፍቃዱ ጎትቶ አወጣው። ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ግን ልቡ ቆመ።

ይህን አገር ያውቃል። አገር የማያውቀው መሐሉን ነው።

ሽመክት ከባሕሩ ወጥቶ አሸዋው ላይ እንደተቀመጠ ለሚስቱ ደውሎ ነበር።

«መምህርት፣ የባሕር ሳማ ለበለበኝ» አላት። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።

«የምን ሳማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ክር ነገር ነው። ላስቲክ ይመስላል። ተጣብቆብኛል።»

«ጄሊፊሽ ነዋ!» አለች ስመኝ። ባዮሎጂ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጃንጥላ መሳዩን ገላውንና ክሮቹን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስለሳለችው ታውቀዋለች። ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። መጽሐፉም የክፍሎቹን ስም ይዘረዝራል እንጂ የተነደፈ ሰው ምን ይደረግለት አይልም። ስለዚህ ያደገችበትን ተናገረች፤ ሳማ ለለበለበው ልጅ እናቱ የምታደርግለትን።

«በቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ እጠበው። ከዚያ በፎጣ ይታሽ፣ ጥርግ እስኪል። ጋሽ በፍቃዱ ይሸው።»

«እሺ መምህርት» አለ ሽመክት። «ፈተና ላይ ይመጣል?»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በፍቃዱ የተባለውን አደረገ።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን፣ ነርስ የሆነች አንዲት ዘመድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ መታጠቡንና መታሸቱን ስትሰማ ደነገጠች። «በመጠጥ ውሃማ አይታጠብም! በራሱ በባሕሩ ውሃ ነው እንጂ። ቆዳ ላይ የቀረው ክር ገና ያልተረጨ መርዝ አለው። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካው፣ ሲታሽ፣ ያንን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል። ለመሆኑ ማነው ያሸው?»

በፍቃዱ ቀና ብሎ ስመኝን አያት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ» አለ።

እማማ ሙሉነሽ ያን ዕለት በልጃቸው አጥንት ማሉ፤ በፍቃዱ ደጃቸውን እንዳይረግጥ። ስመኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገ ሠልስት ሆነ፣ ከዚያ አርባው ደረሰ፣ ከዚያ ሰማንያው። ልጅ አልወለደችም፤ ወላጆቿም የሉም። በዚህ ዓለም «ልጄ» ብሎ የሚጠራት የቀረ ሰው ቢኖር እኚህ ሴት ብቻ ናቸው።

እማማ ደግሞ እየቆዩ ይጠይቋታል። «ያን ቀን አልደወለልሽም? አንዲት ቃል እንኳ?»

«አልደወለም፣ እማማ።»

መደወሉን ካመነች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ዓርብ ክፍል ውስጥ የዓመቱን ትምህርት ስትከልስ ጄሊፊሹ ጋ ደረሰች። ናፍቆት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቢነድፈንስ ምን እናድርግ?»

«ዲላ ላይ? ባጃጅ ይግጭሽ እንጂ ጄሊፊሽ የት ያገኝሻል!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ስመኝ አልሳቀችም። ዘንድሮ ያላነበበችው የለም። ድንጋይ መስሎ የሚተኛውን መርዛም ዓሣ አንብባለች፤ ባማረ ቅርፊቱ ውስጥ መርዛም መውጊያ የሚሸሽገውን የባሕር ቀንድ አውጣም፤ ጅራቱ ላይ እሾህ ያለውን ጠፍጣፋ ዓሣም። ዞራ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ በመጠጥ ውሃ አይታጠብም፣ አይታሽም፣ በባሕር ውሃ ይለቀለቃል፣ ክሩ በእንጨት ይነሳል፣ ሐኪም ይጠራል። ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። ተማሪዎቹ ከሰሌዳው ላይ መገልበጥ ጀመሩ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። በፍቃዱ ከኋላቸው ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ጋሽ ዘርዓብሩክ የሚባሉት ሽማግሌ ነገሩን ለማለዘብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀለል ያለውን ምረጥ ብንለው የወፍጮ መጅ የሚያህል አነሳ። ግትር ነው፣ ድሮም።»

«ልጄንስ ሲያሸው እንዲህ ጎበዝ ነበር?» አሉ እማማ ሙሉነሽ።



«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናቴ» አለ በፍቃዱ። «ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ። ለሙት ዓመቱ እንኳ ከሰው እኩል ልቁም።»

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፤ ስለ ማርያም አሉ። እማማ መሬት መሬቱን ያያሉ። ላቡ ከበፍቃዱ አገጭ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል።

ስመኝ ከበሩ ሥር ተነስታ ወደ እሱ ሄደች።

«ድንጋዩን ይስጡኝ፣ ጋሽ በፍቃዱ።»

«ተይ» አላት በሹክሹክታ። «ተይ እህቴ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«የኔ ነው።»

በሁለት እጇ አንስታ ማጅራቷ ላይ አደረገችውና አማቷ ፊት ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ደውሎ ነበር፣ እማማ» አለች። «በመጠጥ ውሃ ታጠብ ያልኩት እኔ ነኝ። በፎጣ ይታሽ ያልኩትም እኔ። ጋሽ በፍቃዱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሳማ መስሎኝ ነው።»

እርግማኑን ጠበቀች።

«እሱ ምን አለ?» አሉ እማማ።

«ውሃውን እኔ…»

«ያንቺን ሰማሁ። ልጄ ምን አለ?»

«እሺ መምህርት አለኝ። ከዚያ፣ ፈተና ላይ ይመጣል? አለ።»

«ይቀልድ ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

እማማ ሙሉነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ሽማግሌዎቹም መለየት አልቻሉም።

«ስቆ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሲጮኽ ነበር የምሰማው እኔ፤ ዓመት ሙሉ፣ ተኝቼም ቆሜም ሲጮኽ። እየሳቀ መሄዱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ እናቱ አላውቅም። ውሃውስ ባለማወቅ ነው። ይኼንን ግን እያወቅሽ ከለከልሽኝ።»



«በፍቃዱ» አሉ እማማ ቀና ብለው። «አንተ ግባ። ወንበር ስቡለት።»

በፍቃዱ ግን አልገባም፤ በቆመበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ድንጋዩን ከስመኝ ማጅራት ሊያወርዱ እጃቸውን ሰደዱ። እማማ አስቆሟቸው።

«ይቆይ።»

በርጩማቸውን ጎትተው ጉልበታቸው ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ቀረቧት።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። «ስልኩ ከጮኸበት። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።»

ስመኝ ድንጋዩን በሁለት እጇ አመቻቸችና ጀመረች።

«መምህርት፣ የባሕር ሳማ ለበለበኝ፣ አለኝ…»