ሻምበል ኬትሊ የማይሰማው ጥሪ

ሻምበል አምብሮዝ ኬትሊ ከፈረንሳይ ግንባር ሲመለስ አካሉ ደህና ነበር፤ ጆሮው ግን አልነበረም። አራት ዓመት መድፍ ሥር ቆሞ ግራው ጨርሶ ደንቁሯል፣ ቀኙም ተጠግተው ካልጮኹበት አይሰማም። በእንግሊዝ አገር ሳልዝበሪ ሜዳ በሰፈረው መድፈኛ ጦር ይህ አያስነውርም፤ ግማሹ መኮንን "ምን አልክ?" ባይ ነው። ችግር የሆነበት ክሪኬት በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ ላይ ነው።

ሁለት መቺዎች ትይዩ ይቆማሉ፤ ኳሷ እንደተመታች ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣሉ። "ና!" ወይም "ቁም!" የሚባባሉት በጩኸት ነው። በዚያ በጋ ኬትሊ፣ ጓደኛው "ቁም!" ሲለው እየሮጠ፣ በሦስት ጨዋታ ሦስቴ መሐል መንገድ ላይ ሳለ ኳሷ ቀድማው ከጨዋታ ወጣ።

የቡድኑ አለቃ ኮሎኔል ፌንዊክ ቀኝ ጆሮው ላይ ጮኸበት። "አምብሮዝ፣ በቃህ! ነጥብ መዝጋቢ ሁን። ወንበርም ጥላም አለው።"

"ለወንበር ገና ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ቅዳሜ ከእግረኛ ጦር ጋር ነን። ደግመህ እንዲያ ከወጣህ ስምህን የምሰርዘው ራሴ ነኝ።"

"ያኔ ይሰርዙት።"

ኬትሊ በቀጥታ ሃምሳ አለቃ ቲድማርሽ ዘንድ ሄደ። ቲድማርሽ በጦርነቱ ጊዜ የሱ መድፍ አነጣጣሪ የነበረ፣ አሁን በቡድኑ ከፊት ለፊቱ ቆሞ የሚመታ፣ ምላሱ የማያርፍ ወፍራም ሰው ነው።

"ተኩሱ ሲበረታ ትእዛዜን የምትቀበለው በምን ነበር?"

"በእጅዎ ነዋ! ድምፅዎንማ ስሰማውም አልወደው።"

"እንግዲያው ዱላህን ካነሳህ እሮጣለሁ፤ መሬት ካስነካህ አልነቃነቅም። ነገ ከቁርስ በፊት እንጀምራለን።"

"ይሄን ሆድ ይዤ?"

"ይዘኸው ና።"

አምስት ጠዋት ሮጡ። መጀመሪያ ቀን ተጋጭተው ሁለቱም ተዘረሩ። ኬትሊን የከበደው ከኳሷ ላይ ዓይኑን መንቀል ነበር፤ የሃያ ዓመት ልማድ በቀላሉ አይለቅም። በአምስተኛው ቀን ለቀቀው።

ቅዳሜ ነገሩ ሰመረ፤ አርባ ነጥብ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ የእግረኞቹ አለቃ ነቃባቸው። አንድ ረጅም ተጫዋቹን አምጥቶ በሁለቱ መሐል ገተረው።

"እስቲ አሁን ተነጋገሩ!"

ቲድማርሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ረጅሙም አብሮት ፈቀቅ አለ። ኬትሊ ዱላውን ተደግፎ ጥቂት አሰበና ወደ ቲድማርሽ ሄደ።

"ከአሁን ወዲያ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ና ካልኩህ አትጠይቀኝ፣ ሩጥ።"

"ከኋላዎ የሄደችውን ኳስስ? እሷን የማያት እኔ ነኝ!"

"ዞሬ አያታለሁ። አንተ እግርህን ብቻ አዘጋጅ።"

ከዚያ በኋላ የኬትሊ ድምፅ ከሜዳው አልፎ በግ የሚጠብቁትን ሰዎች አስደነገጠ። "ና!" ሲል ቲድማርሽ እያለከለከ ይበራል፤ "ቁም!" ሲል እንደ ግንድ ይቆማል። ሁለቴ ለጥቂት ተረፉ፤ አንዴ ኬትሊ በደረቱ ተንሸራቶ ነው የደረሰው። ሃምሳ ስምንት ላይ ጥሩ ኳስ መጣችና ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ገነደሰችበት። እንደ በፊቱ በሩጫ መሐል አልወጣም፤ የተወረወረችለትን ኳስ ስቶ ነው የወጣው። የቀረውን ቲድማርሽ ከተከታዩ መቺ ጋር ጨረሰውና መድፈኞቹ አሸነፉ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ኬትሊ በኮሎኔሉ እጅ ሦስተኛ መቺ ሆኖ ተጽፎ ነበር። ከዚያም ዘጠኝ በጋ ተጫወተ።