ቤሪል ያልተናገረችው ዓመት

ቤሪል ሃዎርዝ ከቶድሞርደን ሮችዴል በሚመላለሰው አውቶቡስ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ትኬት ቆራጭ ሆና ሠርታለች። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ወደ ፋብሪካ የምሄደው በሷ አውቶቡስ ነው፤ የምነግራችሁም አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት ነው።

ገንዘባችን ሊቀየር ነው፣ ትልቁ የነሐስ ፔኒ ሊቀር ነው ተብሎ ሲታወጅ ግማሹ ሰው ሳንቲም ሰብሳቢ ሆኖ አረፈው። ቤሪልም ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የሳንቲም ቀዳዳ ያለው ካርቶን ገዝታ ከ1902 ጀምራ መሙላት ያዘች። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀራት፤ የ1951። በዚያ ዓመት የተመታው ፔኒ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ላይ አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ ቤርሙዳ ደሴት ገብቷል። ገበያ መሀል ያለው ሳንቲም ሻጭ አንድ ነበረው፤ ዋጋው ግን የሳምንት ደመወዟን የሚበላ ነው። እሷም ብትሆን፣ "ሰው እጅ ላይ ያላገኘሁትን አልገዛም" ብላ ምላለች።

አንዳንዱ ፔኒ ከማለቁ የተነሳ ዓመቱ አይነበብም። ያኔ ቤሪል አጉሊ መነጽሯን አውጥታ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ትመረምራለች። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ከ1949 ጀምሮ፣ "የሕንድ ንጉሠ ነገሥት" የሚለው አጭር ጽሑፍ ከሳንቲሙ ላይ ቀርቷል። ጽሑፉ ካለበት 1951 ሊሆን አይችልምና አታመነታም፤ ወደ ገንዘብ ቦርሳዋ ትወረውረዋለች። "ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ" እያለች ትኩራራብን ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ቀን ሚስተር ኦርምሮድ ከሊትልቦሮ ተሳፈሩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ጨጓራ ለመግዛት ሮችዴል ይወርዳሉ።

"ምን ጠፍቶብሽ ነው፣ ቤሪል? ቅማል ነው የምትፈልጊው?" አሏት መነጽሯን አይተው።

"የድሮ ፔኒ ነው። እሰበስባለሁ።"

"እኔ ቤት ጠርሙስ ሙሉ አለልሽ! በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት የነበረበት ትልቁ ጠርሙስ። ሚስቴ ኤዳ ናት ያጠራቀመችው። የትኛውን ዓመት ነው የምትፈልጊው?"

ቤሪል መጓጓቷን በፊቷ አላሳየችም። ሰብሳቢ የሚፈልገውን ዓመት አይናገርም፤ ከተናገረ ወይ ዋጋው ሰማይ ይወጣል፣ ወይ ሌላ ሰው ይቀድመዋል።

"ኧረ ማንኛውንም" አለች።

በሳምንቱ ሽማግሌው አንድ ፔኒ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። 1936። በቀጣዩ ሐሙስ 1913። ከዚያ 1944። ሁሌም አንድ ብቻ። ሰጥተዋት ካበቁ በኋላ እስከ ሮችዴል ድረስ ወሬ ነው፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ድመት፣ ስለ ዝናቡ።

"ጠርሙሱን እንዳለ ቢያመጡልኝስ?" አለች አንድ ቀን።

"ይከብደኛል፣ የኔ ልጅ።"

"እኔ መጥቼ ልውሰደዋ!"

"ቤቱ ተዝረክርኳል፤ አፍራለሁ።"

ሾፌሩ ዊልፍ ከጀርባው ባለው መስኮት ሰምቶ፣ "ቀስ እያሉ እያጠመዱሽ ነው! ለገና ቀለበት ነው የሚያመጡት" አላት።

"አርፈህ ንዳ!"

በጥር ወር ዓመቱ የማይነበብ ፔኒ አመጡላት። ተጣድፋ መነጽሯን አወጣች። የሕንድ ንጉሠ ነገሥት! ሳንቲሙን ከመስኮት ልትወረውረው ምንም አልቀራትም።

በየካቲት አዲሱ ገንዘብ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሱብኝ። ይዘንባል፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል፣ ሰው ሁሉ "ይሄ በድሮው ስንት ነው?" ይላል፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ቤሪልን ሌባ አለቻት። ሚስተር ኦርምሮድ መሐረባቸውን የፈቱት በዚህ መሀል ነው። እንደገና 1936።

"ኧረ በቃኝ!" ብላ ጮኸች ቤሪል። "ይሄንኑ አይደል ያኔ የሰጡኝ? የርስዎን ፔኒ ከእንግዲህ ማየት አልፈልግም!"

ሽማግሌው መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እስከ ሮችዴል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ።

በሳምንቱ ሲሳፈሩ መሐረብ የለም። አዲስ ሳንቲም ከፈሉ።

"ባለፈው ስላስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ" አለች ቤሪል ፊቷ ቀልቶ። "ጠርሙሱስ ደህና ነው?"

"ትናንት ባንክ አስገባሁት።"

"ምን አሉኝ?"

"አልፈልግም አላልሽም?"

"ይከብደኛል አላሉም?"

"የጎረቤቴን የሕፃን ጋሪ ተውሼ ገፋሁት።"

ባንኩ ከሊትልቦሮ ፌርማታ ማዶ ነው። ቤሪል፣ "ዊልፍ፣ እንዳትንቀሳቀስ!" ብላ ዘላ ወረደች። በዝናቡ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ሆዷን እየደበደበው ስትሮጥ ሁላችንም በመስኮት አየናት። ዊልፍ ክላክሱን ሦስቴ ነፋ። ስትመለስ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር።

"ዛሬ ጠዋት ተጭኖ ሄደ" አለች ለማንም ሳይሆን። "ሊቀልጥ።"

ከዚያ አውቶቡሱ ሲነሳ ደንብ አፍርሳ ከሽማግሌው አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"1951 ነበር የምፈልገው" አለቻቸው። "አንድ 1951 ብቻ!"

ሚስተር ኦርምሮድ ወደሷ ዞሩ።

"ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ኤዳ እኮ የሞተችው በ1947 ነው። ከሷ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ሳንቲም የጨመረ ሰው የለም።"

ቤሪል በጣቶቿ መቁጠር ያዘች። የሰጧትን ፔኒ አንድ በአንድ ስታስታውስ ታየኝ። ሁሉም ላይ የሕንድ ንጉሠ ነገሥት ነበር። በጣቷ የምታውቀው ሴትዮ አምስት ወር ሙሉ ይሄን ልብ አላለችም!

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ማንኛውንም ነው ያልሽኝ።"

ብድግ ብላ ደወሉን በቡጢ መታችው። ዊልፍ ፍሬን ያዘ።

"ወራጅ ማነው?"

"ማንም! ንዳ!"

ሚስተር ኦርምሮድ ሐሙስ ሐሙስ መሳፈራቸውን አልተዉም። ቤሪልም ሁለት ሳምንት ካኮረፈች በኋላ ማውራት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨቃጨቁት በጨጓራ ዋጋ ነበር። ትኬት ቆራጭ የሚባል ሥራ ሲቀር እሷ ፖስታ ቤት ገባች። ቴምብር ልገዛ ሄጄ ስለ ካርቶኑ ጠየቅኳት።

"ቁም ሣጥን ላይ ነው" አለችኝ ቴምብሩን እየገነጠለች። "ቀዳዳውም እንዳለ ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።"